«የመሪ ዘይት» ተብዬ ተልኬ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ካቻምና ኅዳር ውስጥ፣ አርብ ቀን፣ ከሞጣ ወደ ቢቸና ስንመለስ ነው። ዛሬም የጋለ ዘይት ከሸተተኝ ያለሁበት ቁጭ እላለሁ። ከእጄ የወጣ ነገር ስለሆነ አልረሳውም።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ተቀምጬ ነውና ጽሑፌ ቢንሻፈፍ አትፍረዱብኝ። ወንዱ ልጄ ሙሉቀን ቢቸና ነው፣ ሴቷ የጁቤ ናት፣ የልጅ ልጄ ደግሞ ሞጣ ናት። አንድ ቦታ ከወር በላይ መቀመጥ አይሆንልኝም። ጤፍ ሲታጨድ የጁቤ ነኝ፣ ለጥምቀት ቢቸና ነኝ፣ ጾም ሲያዝ ሞጣ እገኛለሁ። ልጆቼ «እማዬን ቤት ካጣችኋት መናኸሪያ ፈልጓት» እያሉ ይስቁብኛል።

ሙሉቀን በመኪና ሰው እያመላለሰ ነው ቤቱን የሚያስተዳድር። መኪናዋን የገዛት ካረጀች በኋላ ነው። ስንት አገር ስትዞር እንደኖረች የሚያውቅ የለም። አውቶማቲክ ናት። እኛ ዘንድ አብዛኛው መኪና ሾፌሩ ማርሽ እየቀያየረ የሚነዳው ነው፤ ይቺ ግን ራሷ ትቀይራለች።

በዚያ ሰሞን ጠባይዋ ተለወጠ። ማርሽ ሲያስገባላት ወዲያው አትሄድም፤ እንደሚያስብ ሰው ትንሽ ትቆይና ድንገት ገፍታ ትነሳለች። ዳገት ላይ ትንቀጠቀጣለች። ቢቸና ያለ አንድ መካኒክ አይቷት እጁን ሰበሰበ። የካምቢዮው ዘይት ተቀይሮ እንደማያውቅ፣ አሁን ቢነካው ጭራሽ ሊለቅ፣ ማርሽ አልይዝ ሊል እንደሚችል፣ በአሮጌው ዘይት እየኖረ ስለሆነ እስከቻለ ድረስ ቢተወው እንደሚሻል ነገረው። ካምቢዮ ማለት የሞተሩን ጉልበት ተቀብሎ ለጎማው የሚያደርሰው ነው ብሎ ሙሉቀን አስረድቶኛል። ከዚያን ቀን ወዲህ ልጄ እህል አልበላ አለው። መቀየሩንም ፈራ፣ መተዉንም ፈራ።

ያን አርብ ወደ ሞጣ የሄድነው ዝናሽን ልናመጣ ነው። ዝናሽ የሙሉቀን የበኩር ልጅ ናት፤ ሞጣ አግብታ የመጀመሪያ ልጇን ፀንሳ ስምንተኛ ወሯ ገብቶ ነበር። በእኛ ዘንድ ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ነው፤ ቀኗ ሳይደርስ ትመጣና እዚያው ትታረሳለች። እግሯ ስላበጠ በአውቶቡስ ግፊያ መሄድ አትችልም ተባለ። አባቷ እኔው አመጣታለሁ አለ። እኔ መንገድ አለ ሲባል ነጠላዬን ቀድሜ የማነሳ ሰው ነኝ፤ አብሬው ሄድኩ።

ሙሉቀን እግረ መንገዱን መኪናዋን ለጋሽ ሰይድ ሊያሳይ አስቦ ነበር። ጋሽ ሰይድ ሞጣ ውስጥ ጋራዥ ያላቸው፣ ፂማቸውን ሂና የሚቀቡ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። አውቶማቲክ የሚያውቅ ሰው ከተፈለገ እሳቸው ናቸው ይባላል።

ጋሽ ሰይድ የዘይቱን መለኪያ መዘው አወጡና አሸተቱት። ከዚያ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ አሳረፉ። ጠብታው ጥቁር ነበር፤ መካከሉ ላይ ጥላሸት የሚመስል ነገር ቀረ። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንስተው አገላበጡት። ሐኪም የምርመራ ወረቀት ሲያገላብጥ የምፈራውን ያህል ፈራሁ።

«አጥበን ጨርሰን አናወጣውም» አሉ በመጨረሻ። «አሮጌ ነው። በአንዴ ካጠብከው ይለቃል። ራሱ የሚፈሰውን ብቻ እናፈስና በልኩ አዲስ እንጨምርለታለን። ጥቂት ሰንብተህ ደግሞ ትመለሳለህ። ቀስ በቀስ ነው የሚለመድ።»

ከዚያ አራት ሊትር የመሪ ዘይት ይምጣ አሉ። ሙሉቀን እጁ ጥቁር ሆኖ ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ብሎን ይዞላቸው ነበር። ሥራ ፈትቼ በርጩማ ላይ ከምቀመጥ ብዬ እኔ ልሂድ አልኩ። ጋሽ ሰይድ ቀና ብለው፣ «እናቴ፣ እንዳይረሱት። የመሪ ዘይት ይበሉ» አሉኝ። ሁለት ጊዜ ነገሩኝ።

የሞጣን ገበያ እወደዋለሁ። ሱቁ እስክደርስ ድረስ ጌሾ ከሚሸጡ ሴቶች ጋር ሰላም ተባባልኩ፣ አንዲት የጥንት ጎረቤቴን አግኝቼ የልጆቿን ደኅንነት ጠየቅሁ። እየሄድኩ ግን ያ ነገር ይከነክነኛል። መሪ ማለት ሾፌሩ ይዞ የሚያዞረው ነው። መሪው ምን ሆነ? የታመመው ካምቢዮው ነው። ሆዱን ለታመመ ሰው የዓይን መድኃኒት ይሰጠዋል? ሰውየው ሥራ ላይ ናቸው፣ አፋቸውን አዳልጧቸው ይሆናል አልኩ። ይህን የማታስተውል አሮጊት ናት እንዳይሉኝም ፈለግሁ። ሱቁ ስደርስ ውሳኔዬን ጨርሼ ነበር።

«የካምቢዮ ዘይት፣ አራት ሊትር» አልኩት ባለሱቁን።

«የምን መኪና ነው እማማ?»

«የልጄ።»

ሳቀና ከመደርደሪያው አራት የታሸጉ ፕላስቲኮች አወረደልኝ። በላያቸው ያለው ጽሕፈት የፈረንጅ ነው። ሌላ አልጠየቀኝም። በፌስታል ይዤ ተመለስኩ። ኮርቼ ነበር፤ አልዋሽም።

ስመለስ አሮጌው ዘይት በሳፋ ሞልቶ ተቀምጧል። ጋሽ ሰይድ የሉም። አርብ ስለሆነ ተጣጥበው ሸሚዛቸውን ለውጠው ወደ ጁምዓ ሄደዋል። ለሙሉቀን የነገሩት፣ እናትህ ስትመጣ ጨምረህ ጠብቀኝ፣ እኔ ሳላየው እንዳትወጣ ብለው ነው።

ሙሉቀን የውሃ ፕላስቲክ ቂጡን ቆርጦ የዘይት መለኪያው በሚገባበት ቀጭን ቱቦ ላይ ደፋውና በእሱ ማንቆርቆር ጀመረ። ዘይቱ አልወርድ አለ። ቀስ እያለ፣ እንደ ማር እየተሳበ ይገባል። ብርዱ ነው ያጠነከረው አለ። ኅዳር ላይ የሞጣ ብርድ የታወቀ ነውና እኔም አመንኩ። ሁለተኛውን ሲከፍት ግን ቀና ብሎ አየኝ።

«እማዬ፣ ያሉሽን ነው ያመጣሽው?»

«አዎ» አልኩት።

በዚያን ሰዓት ውሸት አልመሰለኝም። ካሉኝ የተሻለውን ያመጣሁ ነበር የመሰለኝ።

ሲጨርስ ሞተሯን አስነስቶ ግቢው ውስጥ ወደፊትም ወደኋላም አስኬዳት። ዘገየች፣ ግን ሄደች። ጋሽ ሰይድን ብንጠብቅ፣ ብንጠብቅ ቀሩ። መንገዱን ደግሞ በጊዜ ማለፍ አለብን፤ በዛሬ ጊዜ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ቤት መግባት ነው የሚያዋጣ። ስልካቸው ላይ ደወለ፤ ለሶላት ዘግተውታል። ስንደርስ እደውልላቸዋለሁ ብሎ ወጣን።

ዝናሽን ከአማቶቿ ቤት ወሰድናት። አማቷ መርቀው፣ እየሳሙ ሸኙን። እኔና ዝናሽ ከኋላ ተቀመጥን፤ እግሯን በእኔ ጭን ላይ አነሳች።

ከከተማ ወጥተን ብዙም ሳንርቅ ድምፅ ጀመረ። መጀመሪያ ጠርሙስ ውስጥ የገባች ዝንብ ይመስል ነበር። ቆይቶ ቀጠነና ሙሾ የምታወጣ ሴት መሰለ። ሙሉቀን ሬዲዮውን ዘጋና አደመጠ። ከዚያ ዝናሽ አንገቷን ከመስኮቱ አውጥታ መለሰች።

«እማማ፣ ቀንድ ሲቃጠል አይሸትሽም?»

ነፍሰ ጡር የማይሸታት ነገር የለም ብሎ አባቷ ቀለደባት። እኔም ሸቶኝ ነበር።

ትንሽ ሄድንና ሙሉቀን ለራሱ እንደሚናገር ሆኖ፣ «ይገርማል እኮ። እኔ ባለፈው መሪው ላይ ስጨምር ዘይቱ ቀይ ነበር፣ ውሃ የመሰለ ቀጭን። የዛሬው ደግሞ ማር ይመስላል። ፋብሪካው ሌላ ይሆናል» አለ።

ያን ጊዜ ገባኝ። የመሪ ዘይት የሚባል ራሱን የቻለ ነገር አለ፤ ቀይ ነው፤ ቀጭን ነው፤ ጋሽ ሰይድ አፋቸውን አላዳለጣቸውም። እኔ ሌላ ነገር አምጥቼ፣ ልጄ ሲጠይቀኝም አዎ ብዬዋለሁ።

ዝም አልኩ።

ነፍሰ ጡር አይደነገጥባትም፣ ዝናሽ ትሰማለች አልኩ ለራሴ። ደግሞስ እየሄደች አይደል፣ ምናልባት ትደርስ ይሆናል አልኩ። አንዱን መንደር አለፍን። ሁለተኛውን አለፍን። አንድ ቤተ ክርስቲያን በሩቁ አይቼ ተሳለምኩ፤ ስሳለም እንኳ የለመንኩት ዘይቱ ልክ እንዲሆን ነው። ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን ከኋላው ትዘገያለች። ሙሉቀን መቀለድ ትቷል። ጆሮው ሥር ላብ ይወርዳል። ዝናሽ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ አንቀላፍታለች።

ደብረ ወርቅ ሳንደርስ ወንዝ የሚወረድበት ረጅም ቁልቁለት አለ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ነው የሚወርድ፤ በአንድ ወገን ቋጥኝ፣ በአንድ ወገን ገደል። አፉ ላይ ስንደርስ የታችኛው ሸለቆ ታየኝ። የዝናሽ ራስ ትከሻዬ ላይ ነው።

«ሙሉቀን፣ አቁም» አልኩት።

«ገና ከመውጣታችን እማዬ? ታች ዛፍ አለ፣ እዚያ ትወርጃለሽ።»

ሽንቴ የመጣ መስሎታል።

«አቁም ብዬሃለሁ። ያሉኝን አይደለም ያመጣሁት። የመሪ ዘይት አሉኝ፣ እኔ የካምቢዮ ዘይት ብዬ ገዛሁ።»

ዳር ይዞ አቆመ። አልዞረም፤ በመስታወቱ ውስጥ ነው ያየኝ። ዘይት ያው ዘይት ነው፣ እስከዚህ ድረስ አምጥቶን የለም ወይ አለ። ድምፁ ግን የሚያምን ሰው ድምፅ አልነበረም። ዝናሽ ነቅታ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች።

በሩን ከፍቼ ወረድኩና እጇን ያዝኩ። እኛ በእግራችን እንወርዳለን አልኩ።

«ስምንት ወር የገባትን ልጅ በዚህ ፀሐይ ልታስኬጃት ነው?» አለ።

«አዎ፣ ላስኬዳት ነው።»

ተናደደ። ልጄ እኔን ተቆጥቶ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን በሩን ጎትቶ ዘጋው። ወርጄ ታች እጠብቃችኋለሁ፣ ምንም እንደሌለው ታያላችሁ ብሎ ሄደ። አልያዝኩትም። ዝናሽ ከመኪናዋ መውረዷ ብቻ ነበር የታየኝ፤ እሱ ብቻውን እንደሚወርድ አላሰብኩም። መኪናዋ ከአጠገባችን ከሄደች በኋላ ነው ያሰብኩት።

ከላይ ሆነን መንገዱ ይታየናል። የመጀመሪያውን መታጠፊያ ደህና አለፈ። ሁለተኛው ላይ ሞተሩ ሲያገሳ ተሰማን፤ እንደዚያ እያገሳ መኪናዋን ግን አይዛትም። የኋላው ቀይ መብራት በርቶ አልጠፋ አለ። እየፈጠነች ሄደች። ሦስተኛው መታጠፊያ ከዓይናችን ሰወራት። ከዚያ የድንጋይና የቆርቆሮ ድምፅ መጣ። ከዚያ በኋላ ምንም።

ዝናሽ «አባዬ» አለች፤ አንዴ ብቻ፣ በቀስታ። ከድንጋይ ላይ አስቀመጥኳትና እንዳትነሺ ብዬ ወረድኩ። እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ጫማዬ አንዱ መንገድ ላይ ቀርቷል።

መኪናዋ በቋጥኙ ወገን ባለው ቦይ ውስጥ በአፍንጫዋ ተተክላለች። ጎማዎቿ ይጨሳሉ። ገደሉ ከማዶ ነው፤ ከመንገዱ ስፋት በቀር የሚለየው የለም። ሙሉቀን መሬት ላይ ተቀምጦ እጆቹን ያያል። ከግንባሩ ደም ይወርዳል።

«ሞተሩ ይጮኻል፣ ማርሹ አይዝም» አለኝ። «ፍሬኑን ረገጥኩት፣ ረገጥኩት። መጨረሻ ላይ እግሬ ሥር ባዶ ሆነ። ወደ ቋጥኙ አጠፍኳት።»

ቀና ብሎ ዝናሽ የት ናት አለ። ላይ ናት፣ ተቀምጣለች አልኩት። ያን ጊዜ አለቀሰ። አባቱ ሲሞት እንኳ እንደዚያ ሲያለቅስ አላየሁትም።

ነጠላዬን ቀድጄ ግንባሩን እያሰርኩለት ሳለ ከላይ ፒካፕ መጣ። ጋሽ ሰይድ ናቸው፤ ዝናሽን አጠገባቸው አስቀምጠው ይዘዋት ወረዱ። ከሶላት ሲመለሱ ባዶዎቹን ፕላስቲኮች ጋራዡ ውስጥ ወድቀው አዩ። ስልክ ሞከሩ፤ እኛ ያለንበት ኔትወርክ የለም። የጎረቤት መኪና ለምነው ተከተሉን።

ቦይ ውስጥ ገብተው አዩና ተመለሱ። እንደሚቆጡኝ ጠብቄ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ቁጭ ብለው ያስረዱኝ ጀመር። አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚፈልገው ያን ቀጭኑን ቀይ ዘይት ነው። ሰው ሁሉ መሪ ላይ ሲጨምረው ስለሚያየው በእኛ ከተማ ስሙ የመሪ ዘይት ሆኖ ቀረ። የካምቢዮ ዘይት ያሉት ከሆነ ባለሱቁ የሚሰጠው በእጅ ለሚቀየረው ማርሽ የሚሆነውን ወፍራሙን ነው። ይህኛው ካምቢዮ ደግሞ እሱን መዋጥ አይችልም፤ ታንቆ ይግላል፣ ኋላ ጭራሽ አይዝም።

«ጥፋቱ የኔ ነው እናቴ» አሉኝ። «ቀዩን ብዬ ብልክዎት ኖሮ አይሳሳቱም ነበር።»

ሙሉቀን ደግሞ፣ የለም፣ ሳላየው እንዳትወጣ ብለውኝ ነበር፣ ጥፋቱ የኔ ነው አለ። ሁለቱ ተጋፉበት። እኔን ማንም አልወቀሰኝም።

የዚያኑ ዕለት ወደ ሞጣ ተመለስን። ዝናሽ ከዚያ ወዲያ መንገድ አይነካትም ተብሎ እዚያው አማቶቿ ቤት ወለደች፤ ወጉን ገልብጠን እናቷና እኔ ሞጣ ሄደን አረስናት። ሴት ልጅ ናት፣ ደህና ናት፣ አሁን ትሮጣለች። ካምቢዮውን ጋሽ ሰይድ አውርደው ፈቱት፤ ወራት ፈጀ፣ ግን ተነሳ። ሙሉቀን ዛሬ ዘይቱን ጥቂት ጥቂት እያለ እሳቸው ፊት ያስቀይራል። ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለ።

የልጅቱ ክርስትና ዕለት ዝናሽ ለእንግዳው ሁሉ ታወራ ነበር። «እማማ ገና ትዝ እንዳላት አስቆመችን። እሷ ባትኖር እኔም ይቺም የለንም» ትላለች። ዛሬም እንግዳ በመጣ ቁጥር ትላለች። ሰውም ይመርቀኛል፣ ጉልበቴን ይስመኛል። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ትሕትናዋ ይላሉ።

ትሕትና አይደለም። ትዝ ያለኝ ቁልቁለቱ አፍ ላይ አልነበረም። ልጄ ስለ ቀዩ ዘይት ከተናገረባት ቦታ ጀምሮ አውቄ ነበር። ያን ጊዜ ብናገር ሜዳው ላይ ቆመን፣ ጋሽ ሰይድ እዚያው ይደርሱብን ነበር። እኔ አፍሬ ሁለት መንደር ሙሉ ዝም አልኩ፤ ልጄን ብቻውን ወደዚያ ቁልቁለት የሰደደው ያ ዝምታ ነው።

ለዝናሽ ፊቷን እያየሁ ልነግራት ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሕፃኗን አቅፌ ወጥቻለሁ። ሙሉቀን ብዙ አያነብም፤ እሷ ግን ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች። ብታነበው ብዬ ነው የጻፍኩት። ካነበበች በኋላ ለእንግዳ ምን ብላ እንደምታወራ አላውቅም። እፈራለሁ። ቢሆንም ይችን ካነበበች በኋላ ሞጣ እሄዳለሁ፤ በር ላይ የምትቀበለኝን ፊት ማየት አለብኝ።